በአርባ ምንጭ ቡናና ጋዜጣ ስሸጥ

ወደ አርባ ምንጭ ሄደው የማያውቁ እንደ ሆነ አንድ ቀን ይሂዱ። ከአዲስ አበባ ማልደው ቢነሡ፥ ሻሸመኔንና ሶዶን አልፈው፥ የዓባያን ሐይቅ ዳር ዳር ይዘው ሲመሽ ይገባሉ። ከተማይቱ ላይኛዋ ሴቻ፥ ታችኛዋ ሲቀላ ትባላለች። የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማነት ከጨንቻ ደጋ ወደዚህ የወረደው በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። ከሴቻ አፋፍ ቆመው ቍልቍል ቢመለከቱ፥ በግራ ደፍረስ ብሎ የቀላው ዓባያ፥ በቀኝ ሰማያዊው ጫሞ፥ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ተራራ ይታያል። ስለዚህ ብዙ ተጽፏልና ወደ ራሴ ጕዳይ ልለፍ።

በ1988 ዓ/ም በሲቀላ፥ ከመናኸሪያው በማይርቅ ቦታ፥ ጠባብ ቤት ተከራይቼ ቡናና ጋዜጣ መሸጥ ጀመርሁ። የፕሬስ ዐዋጁ በ1985 ዓ/ም ከወጣ ወዲህ የጋዜጣው ዓይነት በዝቶ ነበርና ጊዜው ለዚህ ንግድ የተመቸ መስሎኝ ነበር። ጀበናው የባለቤቴ፥ ጋዜጣው የእኔ ሥራ ነው። ከደጋ ለገበያ የሚወርዱት ሽማግሌዎች ግን ጀበናችንን እምብዛም አይወዱትም፤ የለመዱት የቡናውን ቅጠል ከቅመማ ቅመም ጋራ አፍልቶ መጠጣት ነው። ባለቤቴም አፈላሉን ከጎረቤት ተማረች፤ በገበያ ቀን የቅጠሉ ማሰሮ ከጀበናው ቀድሞ ያልቅ ጀመር።

ጋዜጣው የሚመጣው በአውቶቡስ ነው። ረዳቱ ጥቅሉን ከጣራ ላይ ሲወረውርልኝ፥ የአዲስ አበባ ሰው ያንን ወሬ አንብቦና ተከራክሮ ምናልባትም ረስቶታል። የእሑዱ ሪፖርተር እኛ ዘንድ ማክሰኞ ይነበብ ነበር፤ ማክሰኞም ቢሆን እንደ ትኩስ እንቀበለው ነበር። መግዛት የሚችለው ጥቂት ስለ ሆነ፥ በአራት ኪሎ እንደሚደረገው ሁሉ፥ ብዙው ሰው በስሙኒ ተከራይቶ እዚያው ቁጭ ብሎ ያነብባል። አንዱን ጋዜጣ ስምንት ሰው ካነበበው የተገዛበትን ይመልሳል፤ ዘጠነኛው ትርፍ ነው፤ በመጨረሻም ለስኳር መጠቅለያ ይሆናል።

ደንበኞቼ እንደ እርስዎ ያሉ ናቸው፤ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች (ኢንስቲትዩቱ በ1996 ዓ/ም ዩኒቨርሲቲ ሆኗል)፥ ከሴቻ መሥሪያ ቤቶች የሚወርዱ ጸሐፊዎችና የሒሳብ ሠራተኞች። የፊት ገጹን ለይሉኝታ ያህል አየት አድርገው በቀጥታ ወደ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነው የሚሄዱት። ‹‹የሥራ ልምድ፤ 0 ዓመት›› የሚል ሲያገኙ ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ መቼም እርስዎም ያውቁታል።

ታዲያ አንድ ቀን፥ ከዶርዜ የወረደ፥ በዚያው ዓመት የተመረቀ የሸማኔ ልጅ አዲስ ዘመንን ተከራየ። ጥቂት ቆይቶ ‹‹ጋሼ፤ ይህ ገጽ ተቈርጧል›› ብሎ አሳየኝ። ከማስታወቂያዎቹ አንዱን ሰው በምላጭ አውጥቶታል። ከባንኮኒው ሥር ያልተነካ ሌላ ቅጂ ነበረኝ። ዳሩ ግን ለአንድ ከፍ ያለ ደንበኛ ያስቀመጥሁት ስለ ነበረ፥ እንዳይጨማደድብኝ ብዬ አላወጣሁትም። ‹‹ግድ የለም፥ ደግሞ ይወጣል፤ ይልቅስ ቡና ጠጣ›› አልሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ተቈርጦ የወጣው በተማረበት ሙያ ሰው የሚፈልግ ማስታወቂያ እንደ ነበረ ከጓደኛው ሰምቷል፤ አሥሩ ተከታታይ የሥራ ቀናትም አልፈዋል። አልተቈጣኝም። ‹‹ምን ይደረግ፥ ጋሼ›› ብሎ የቡናውን ከፍሎ ሄደ። ወደ አባቱ ሸማ ሥራ ተመለሰ አሉኝ፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ያን ቅጂ ያዘዘው ደንበኛም ሳይወስደው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያዎቹን ሁሉ በእጄ እየገለበጥሁ ከግድግዳው ላይ በነጻ እለጥፍ ጀመር። የስሙኒው ገቢ ቀነሰ፤ ባለቤቴም አጕረመረመች፤ እውነቷን ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙ የግል ጋዜጦች መታተማቸውን አቋረጡ፤ ቀጥሎም የእጅ ስልክ መጣ። ቤቱን በ2007 ዓ/ም ለባለንብረቱ አስረከብሁ።

በቅርቡ ሄጄ አየሁት፤ የስልክ ዕቃ ይሸጥበታል። ሻጩ ልጅ ማስታወቂያው በወጣ በሰዓቱ በቴሌግራም እንደሚደርሰው አሳየኝ። ለዶርዜው ልጅ በዚያን ጊዜ ይህ ቢኖርለት ኖሮ ብዬ አሰብሁ። እኔን የሚናፍቀኝ አራት ሰው በአንድ ጋዜጣ ላይ አጎንብሶ፥ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብብ፥ ቶናው እየቀዘቀዘ የሚደረገው ክርክር ነው።

ምናልባት፥ አንባቢ ሆይ፥ ያን ገጽ በምላጭ የቈረጡት እርስዎ ይሆኑ ይሆናል። ቂም የለኝም፤ ሥራውን አግኝተው እንደ ሆነ ብቻ ለማወቅ እፈልጋለሁ። የጋዜጣው ዋጋ ግን እስከ ዛሬ አልተከፈለም።