ለተዝካር በብስክሌት



በአገራችን ልማድ ለቀብር ያልደረሰ ልጅ ቢያንስ ለአርባው ተዝካር መድረስ አለበት። ለዚያም ካልደረሰ ሐዘኑ ሳይወጣለት ሆዱ ውስጥ እንደ ቋጠሮ ይቀራል። በ1994 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ሁለት ጀማሪ አስተማሪዎች ከጎንደር እስከ ዛሪማ በብስክሌት የሄድነው በዚህ ምክንያት ነበር።

ሁለታችንም ከአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ በአንድ ዓመት ወጥተን፣ አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ጓደኛሞች ነን። የአንዳችን አባት ዛሪማ ላይ ዐረፉ። ያን ጊዜ በእጃችን ሞባይል የለም፤ መርዶው የደረሰን ከተቀበሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በጭነት መኪና ረዳት በኩል በተላከ ደብዳቤ ነው። አባቱ የሞተበት የትኛችሁ ነው ብትሉን፣ መንገዱ ላይ ሁለታችንም ነበርን ብንላችሁ ይሻላል።

የወሩ ደሞዝ ገና አልወጣም። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ አውቶቡሱ ሁሉ ጢም ብሎ ነው የሚሄደው። ብስክሌት ግን ነበረን። ባለ አንድ ማርሽ፣ ከባዱ የቻይና ብስክሌት ነው፤ አንዱን በዕቁብ ገዝተነዋል፣ ሌላውን ከጎረቤት ተዋስን። የኋላ መጫኛው ላይ ጋቢ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለተዝካሩም ጧፍ፣ ዕጣንና ሁለት ኪሎ ቡና አሰርን። መንፊያ፣ ማስቲሽና የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭም ያዝን። ለእንዲህ ያለ መንገድ መንፊያ ከስንቅ አያንስም።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ አስፋልት ሆኗል፤ ያን ጊዜ ግን ኮረኮንች ነበር። ወለቃን እንዳለፍን ዳገቱ ያዘን። እስከ ኮሶዬ ድረስ ከነዳነው የገፋነው ይበልጣል። ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው እስኪበርድ ዓይናችንን ጨፍነን እንቆማለን። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ጀምበር ጠልቃ ነበር።

አንድ ደጅ ላይ ቆመን "የመሸብን መንገደኞች ነን" አልን። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ "ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ" አሉን። ውሃ ተሞቀልን፣ እግራችን ታጠበ፣ እንጀራ በሽሮ ቀረበ። ወዴት እንደምንሄድ ስንነግራቸው "ነፍስ ይማር" ብለው የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁን። ለምን እንደሆነ አልገባንም። ጠዋት ስንነሳ ግን ሽማግሌው ቤተ ክርስቲያን ስመው ተመልሰው ነበር፤ የማያውቁትን ሰው ስም ለቄሱ ሰጥተው በጸሎት አሳስበውልናል። ብር ስናወጣ ተቆጡን።

በሁለተኛው ቀን በገደብየ በኩል አድርገን እስከ ዳባት ሦስት ጊዜ ጎማ ፈነዳብን። ማስቲሹ አለቀ፤ የመጨረሻዋን ቀዳዳ በጨርቅ አስረን ቀስ እያልን ገባን። በየውድማው ገብስ ይወቃል፤ ልጆቹ "ሳይክል! ሳይክል!" እያሉ ይከተሉናል። ዳባት ላይ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ጠዋት ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሶ አገኘነው። ሦስተኛው ቀን ጎማ በማስጠገን አለፈና ማታ ደባርቅ ደረስን።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ለተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ የሆነች ከተማ ናት። ፈረንጆቹ ዋልያ ለማየት ከዚያ ወደ ላይ ይወጣሉ። የእኛ መንገድ ግን ቁልቁል ነው፤ ሊማሊሞ!

ሊማሊሞን ጣሊያን በወረራው ዘመን ከገደሉ ላይ ፈልፍሎ ያወጣው መንገድ ነው። እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ከደጋው ወደ ቆላው ይወርዳል። ለብስክሌት ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት እንደሚከፋ እዚያ አየን። ገና ግማሹን ሳንወርድ የፍሬኑ ጎማ አልቆ ብረት ከብረት መፋጨት ጀመረ፤ ቸርኬው በእጅ አይነካም። ወርደን ብስክሌቱን እንደ በሬ በቀንዱ ይዘን መራነው። ጭላዳዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር እየነጩ ያዩናል። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ሹራቡን አወለቅን። በአንድ ቀን ከአመዳይ ወደ በረሃ ገባን ማለት ነው።

ዛሪማ የደረስነው በተዝካሩ ዋዜማ፣ ማታ ነው። ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። እናትየው ሁለታችንን አንድ ላይ አቅፈው "ልጆቼ መጡ" አሉ፤ የራሳቸውንና የሰውን አልለዩም። በማግስቱ የወሰድነው ጧፍ በራ፣ ቡናውም ተፈላ። ያ ቋጠሮ ተፈታ።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ጦርነቱ በዚያው መስመር፣ በዛሪማና በዳባት አካባቢ አለፈ። ያሳደሩን ሽማግሌ፣ ውድማ ላይ የሮጡት ልጆች እንዴት እንደሆኑ የሚነግረን አላገኘንም። እኛም ተበታተንን፤ አንዳችን እዚያው፣ አንዳችን እዚህ ካምፕ። የእኚያን እናት ማረፍ የሰማነው በስልክ ነው። በዚህ ጊዜ ብስክሌት ተበድሮ መነሳት የለም። ከካምፑ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም ቢገኝ ድንበር አለ።

ያን ዕለት ግን ጎረቤቶች መጡ። ንፍሮ የቀቀለች አለች፣ ምንጣፍ ያመጣ አለ። ቋንቋችንን የማይችል የሌላ አገር ስደተኛ ዝም ብሎ አብሮን አመሸ። እኚያን እናት አንዳቸውም አያውቋቸውም። የአምባ ጊዮርጊሱ ሽማግሌስ ማንን ያውቁ ነበር?

ወገኖቻችን፣ በየቤታችን መርዶ በስልክ ይመጣል። ስልኩን ዘግቶ ለብቻው የሚያለቅስ ብዙ ነው፤ ሰው ላስቸግር ብሎ የሚያፍርም አለ። አታሳፍሩት። አራት ቀን የሚያስኬድ ሊማሊሞ የለባችሁም፤ ከእናንተ ቤት እስከ እሱ ቤት ቢበዛ ሁለት ረድፍ መጠለያ ነው። ሂዱና የሟቹን ስም ጠይቁት፣ አብራችሁት አምሹ።

ለሞቱት ነፍስ ይማር። ቸር ያሰማን።