«ጣመህ?»

ታላቅ ወንድሜ፣ አባታችን በሶማሊያ ጦርነት ከወደቀ በኋላ፣ በ1970ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በኩባ ወደምትገኘው «የወጣቶች ደሴት» ለትምህርት ከተላኩት በብዙ ሺህ ከሚቈጠሩት ሕፃናት አንዱ ነበረ። ትምህርቱን ጨርሶ በዚያው ቀረ፤ ትዳርም ያዘ። ባለፈው ዓመት ባለቤቱን ይዞ እናታችንን ሊጠይቅ እንደሚመጣ ባስታወቀን ጊዜ፣ ከእንግዳዪቱ ጋር ጥቂት ቃል እንኳ ለመለዋወጥ ብዬ እስፓንኛ ለመማር ተነሣሁ።

ያገኘሁት መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበረና መከራዬ ከዚያ ጀመረ። በእንግሊዝኛ ሰው ቡና ሲወድ ባለቤቱ ሰውየው ነው፤ ቡናው ተወዳጅ ብቻ ነው። እስፓንኛ ግን ነገሩን ገልብጦ «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» ሲል ሥራውን የሚሠራው ቡናው ነው። የሚወደደው ነገር ሲበዛም ግሱ አብሮት ይበዛል፤ ስለ ብርቱካኖች ሲነገር «ሜ ጉስታን ላስ ናራንሃስ» ይባላል። መጽሐፉ ይህን ለማስረዳት ብዙ ገጽ ፈጀ፤ እኔም ደጋግሜ አንብቤው ሳበቃ «ዮ ጉስቶ» ከማለት አልዳንሁም። ይህም «እኔ ደስ አሰኛለሁ» እንደ ማለት ያለ ትምክሕት ነው።

አንድ ቀን ማታ እናቴ ራት አቅርባ «ጣመህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጉርሻዬን እንደ ያዝሁ ቀረሁ። የጣመው ወጡ ነው፤ እኔ ተቀባይ ነኝ! «ይጥመኛል» ስንል፣ «ደስ ይለኛል» ስንል፣ ብርቱካኖቹም «ደስ ይሉኛል» ስንል፣ የምንሄደው በእስፓንኛው መንገድ ነው። «ጉስታር» የተባለውም ግስ ከላቲን የመጣ ሆኖ ጥንተ ትርጓሜው መቅመስ ነው። በባዕድ ቋንቋ በኩል ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ የከረምሁበት ነገር ለካ ከልጅነቴ ጀምሮ በማዕዳችን ላይ ነበረ።

ከዚያ ወዲያ አለመውደድን መናገር አላስቸገረኝም፤ ከፊቱ «ኖ» ማስቀደም ብቻ ነው። ያደናቀፈኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ እኛ ለመውደድም ለመጥላትም «እኔም» የምንለውን እነርሱ ሁለት አድርገውታል፤ ለመውደድ «አ ሚ ታምቢዬን»፣ ላለመውደድ «አ ሚ ታምፖኮ» ይላሉ።

እንግዶቹ መጡ። እናቴ ሽንኩርቱን ስታቁላላ አድራ የሠራችው ዶሮ ወጥ ቀረበ። የወንድሜ ሚስት አንድ ጊዜ ጐርሳ ዓይንዋ እንባ አቀረረና፣ በለሆሳስ «ኖ ሜ ጉስታ ሙቾ ኤል ፒካንቴ» አለችኝ፤ የሚያቃጥል ነገር እምብዛም አይጥመኝም ማለትዋ ነው። የኩባ ሰው በርበሬ አለመልመዱን አውቃለሁ፤ እናቴ ግን አታውቅም።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ።

«ጥሞኛል፤ ጥቂት አቃጠለኝ እንጂ፤ አለች» ብዬ ተረጐምሁ። በማግስቱ አልጫ ተሠራ።

የአልጫው ቀን ልቤ ሞላና፣ ወንድሜን በቋንቋው ላመሰግነው ፈልጌ፣ ሚስትህ ደስ ትለኛለች ለማለት «ሜ ጉስታ ቱ ሙሄር» አልሁት። የወንድሜ እጅ ከሞሰቡ ላይ ቆመ። ሚስቲቱ ፊትዋን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ይህ ቃል ለቡናና ለብርቱካን ደግ ሲሆን፣ ለሰው ሲነገር ግን ምኞት አለበት ለካ! ለሰው «ሜ ካኤ ቢዬን» ማለት እንደሚገባ ወንድሜ ዝገት በያዘው አማርኛው ቀስ ብሎ አስረዳኝ።

እናቴ ከአንዳችን ወደ ሌላችን እየተመለከተች «ምን አለ?» ብላ ጠየቀችው።

«ወጡ ጣመኝ ነው ያለው» አላት ወንድሜ።