ዳቦውና ወተቱ የሚመጡበት አገር



ማለዳ ተነሥተው ለልጆችዎ ዳቦ ሲቆርሱና ወተት ሲያፈሉ፣ የሥራ ሰዓት እንዳያልፍብዎም ሲጣደፉ፣ ዳቦውና ወተቱ ከየት ተነሥተው ከማዕድዎ እንደ ደረሱ ለማሰብ ፋታ አያገኙ ይሆናል። ዛሬ ወደዚያው አገር ይዘንዎት እንሄዳለን፤ ወደ አርሲ፣ ወደ ጭላሎ ተራራ ግርጌ። የምንሄደው አገር ለማየት ብቻ አይደለም፤ አንድ ጥያቄም ይዘናል። ይኸውም ‹‹ለገበሬው ትምህርት ተሰጠ›› ሲባል፣ ትምህርቱ ሥራውን በእጇ ከምትሠራው ዘንድ ደርሷል ወይ የሚል ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ አሰላ ያለው መንገድ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ አዳማ ያለውን ሳያውቁት አይቀሩም። ከአዳማ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ ግራርና ቁጥቋጦ ያለበት ሞቃት ሜዳ ይቀበልዎታል። አዋሽ መልካሳ ላይ እንደ ቦሎቄ ያሉ፣ ዝናብ ለሚያጥራቸው አካባቢዎች የሚስማሙ ሰብሎችን የሚያሻሽል የምርምር ማዕከል አለ። ደራን ካለፉ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይያያዛል፤ ነፋሱም ይቀዘቅዛል። ኢተያ ሲደርሱ ግራና ቀኙ ስንዴ ነው። በስተግራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጭላሎ ጉም ተከናንቦ ይታያል፤ በስተቀኝ መሬቱ ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል። ጉዞዎ በጥቅምት ከሆነ አዝመራው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ሲለወጥ ያገኙታል።

አሰላ ለመግባት ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀርዎ የቁሉምሳን የግብርና ምርምር ማዕከል ያልፋሉ። የአገሪቱ የስንዴ ምርምር የሚመራው ከዚህ ነው። ያ ሁሉ ያማረ ማሳ ግን ባላጋራ አለው፤ ገበሬው ‹‹ዋግ›› ይለዋል። ዋግ በነፋስ ተጭኖ ከማሳ ወደ ማሳ የሚዛመት የሰብል በሽታ ነው። ቢጫው ዋግ በቅጠሉ ላይ ተሰልፎ እንደ ዱቄት ይወጣል፤ በጣት ቢዳስሱት ይቀባል። የግንድ ዋግ ደግሞ አገዳውን ይዞ ፍሬው ምግብ እንዳያገኝ ያደርጋል። ከሩቅ ሲያዩት ስንዴው እንደ ቆመ ነው፤ ሲወቃ ግን የተጨማደደ ፍሬ ብቻ ይገኛል።

‹‹እንኮይ›› የተባለው የስንዴ ዘር ገበሬውን ብዙ ዓመት ሲጠቅም ኖሮ በ1986 እና በ1987 ዓ.ም. አዝመራ በግንድ ዋግ ተመታ። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ‹‹ኩብሳ›› የተባለውን ዘር ጎዳ። ከዚያ በኋላ በብዛት ከተሠራጩት ዘሮች አንዱ ‹‹ዲጋሉ›› ነበር። እርሱም ቢጫውን ዋግ ቢቋቋምም በ2006 ዓ.ም. አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ በአርሲና በባሌ ጣለው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። የእርሻ ትምህርት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም። በሽታው ጠባዩን እየለወጠ ሲመጣ ዕውቀቱም አብሮ መታደስ አለበት። ለዋግ መድኃኒት የሚረጨው ምልክቱ ገና ብቅ ሲል ነው፤ ማሳው ሁሉ ከተያዘ በኋላ ወጪው ከንቱ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ምልክቱን ቀድሞ ማየት ነው። ለአረም ጎንበስ ብላ ቅጠሉን በቅርብ የምታየው፣ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድም በማሳው ዳር የምታልፈው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሴቲቱ ናት። እርሷ ቢጫውን ዱቄት አይታ ምንነቱን ካላወቀች፣ በቁሉምሳ የተደከመበት ምርምር ከማሳው ዳር ቆሞ ይቀራል።

አሁን አሰላ ገብተናል። ይህች ከተማ በገበሬ ትምህርት ረገድ ታሪክ አላት። ‹‹ካዱ›› በሚባል አጭር ስሙ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው በዚህ ነው። በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው ይህ ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያከፋፍል፣ የሠርቶ ማሳያ ማሳ ያዘጋጅ፣ የእርሻ መሣሪያ ያሻሽል፣ ወተትም ይሰበስብ ነበር። አርአያ የሚሆኑ ገበሬዎች እየተመረጡ ጎረቤቶቻቸው ከእነርሱ አይተው እንዲማሩ ይደረግ ነበር። ምርቱም ጨመረ።

ይሁንና በዚያን ዘመን መሬቱ የባለርስቱ ነበር። አንዳንድ ባለርስቶች የስንዴውን ትርፍ ባዩ ጊዜ ትራክተር አስገብተው ጪሰኛውን ከነቤተሰቡ አፈናቀሉት። ጪሰኝነት የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ትምህርቱ መልካም ሆኖ ሳለ ፍሬውን የበላው ሁልጊዜ የደከመው አልነበረም። ይህን ልብ ይበሉልን፤ በሌላ መልኩ ዛሬም በየጎጆው ሊገኝ ይችላልና።

ከማሳው ወደ ጋጣው እንሻገር። የአርሲ ላም ትንሽ ናት፤ በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር ያህል ወተት ትሰጣለች። ስለዚህም በካዱ ዘመን በጎቤ የከብት ማራቢያ የአገሩ ላሞች ከፍሪዥያን ዘር ጋር ይዳቀሉ፣ እርጉዝ ጊደሮችም ለገበሬው ይሸጡ ነበር። ድቅል ላም ብዙ ታልባለች፤ ግን ብዙ ትጠይቃለች። ገለባ ብቻ አይበቃትም፤ አጃና የመሳሰለውን መኖ ዘርቶ ማብላት ያስፈልጋል። የምትተኛበት ካልደረቀና የሚያልባት እጅ ካልጸዳ ጡቷ ይታመማል፤ ወተቱም ይበላሻል።

እንግዲህ ላሚቱን የሚያልበው፣ ጋጣውን የሚጠርገው፣ ጥጃውን የሚጠብቀው፣ ጮጮውን አጥቦ የሚያጥነው፣ ቅቤውን የሚንጠው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ እናትና ልጆች ናቸው። ሥልጠና ሲጠራ ግን የሚሄደው የቤተሰብ ኃላፊ ተብሎ የተመዘገበው አባወራ ነው። እርሱም ከሰማው የሚያስታውሰውን ነግሯት፣ የማያስታውሰውን ትቶ ይመለሳል። ላሚቱ በታመመች ጊዜ ግን ‹‹ምን አድርገሻት ነው?›› ተብላ የምትጠየቀው እርሷ ናት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አዲስ የተወለደ ጥጃ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ካልጠባ በሽታ የሚከላከልበት ኃይል አያገኝም። እርስዎ ይህን ለመረዳት አይቸገሩም፤ በወለዱ ጊዜ ‹‹የመጀመሪያው ወተት እንዳይደፋ፣ ለሕፃኑ ክትባት ነው›› ሲባል ሰምተዋል። ያንን ምክር ለባለቤትዎ ብቻ ነግረው እርስዎን ቢያሰናብቱዎ ኖሮ ምን ይሉ ነበር? ጥጃው በሌሊት ሲወለድ ከጎኑ የምትገኘው ሴት ምክሩ ያልደረሳት እንደሆነ ጉዳቱ እንደዚያው ነው።

ዛሬ ትምህርቱን ወደ ቀበሌው ለማቅረብ ብዙ ተደክሟል። ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ በባሌ እንዳለው እንደ አጋርፋ፣ በአርሲም እንደ አርዳይታ ያሉ የግብርና ኮሌጆች በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠሩ የልማት ሠራተኞችን አሠልጥነዋል። በየቀበሌው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲሠራ፣ ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት አንዳንድ ሠራተኛ እንዲመደብም ሥርዓት ተዘርግቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ቅርብነት በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም። ስብሰባው የማለዳ ወተት በሚታለብበት ወይም ምሳ በሚሠራበት ሰዓት ከሆነ፣ ግማሽ ሰዓት የማያስኬደው ማዕከል ለእናቲቱ ሩቅ ነው። ልጅ ያዘለች ሴት የምትቀመጥበት ጥላ ከሌለም እንዲሁ ነው። ቋንቋውም ሌላ ነው፤ የአርሲ እናት አፋን ኦሮሞ በሚናገር ሰው፣ ላሚቱ ከፊቷ ቆማ፣ በእጇ እየሠራች ብትማር ትምህርቱ ዘልቆ ይገባታል። የሴት ሠራተኛ መመደብም ብዙ የሚያሳፍሩ የሚመስሉ ጥያቄዎችን ያስጠይቃል።

‹‹እኔ ከተማ ተቀምጬ ምን ላድርግ?›› ይሉ ይሆናል። የሚያደርጉት አለ። ከብዙዎቻችን ጀርባ ገጠር የቀሩ እናት፣ አክስት፣ ምራት ወይም እኅት አሉ። ለበዓል ሲሄዱ ስኳርና ቡና ከመያዝ ጋር፣ ማሳው ላይ ምን ዘር እንደ ተዘራ፣ ጥጃው እንገር መጥባቱን፣ እህሉም በነቀዝ እንዳይበላ በምን እንደ ተቀመጠ ይጠይቋቸው። አየር የማያስገባ ድርብ ከረጢት ካዩ አንድ ሁለት ገዝተው ይውሰዱላቸው፤ አፉ በደንብ ከታሰረ ነቀዙ በውስጡ አየር አጥቶ ይሞታልና ያለ መርዝ እህል ያቆያል። በ2006 ዓ.ም. ለገበሬዎች ምክር የሚሰጥ 8028 የተባለ የስልክ መስመር ተከፍቷል፤ ስልክ ላላት ዘመድዎ ቁጥሩን ያሳይዋት፣ አብረዋትም ይደውሉ። ሥራዎ ከግብርና ቢሮ፣ ከብድር ተቋም ወይም ከሬዲዮ ጣቢያ ጋር የሚያገናኝዎት ከሆነ ደግሞ፣ የሥልጠና መዝገብ በእጅዎ ሲገባ የሚስቲቱ ስም ከባሏ ስም ጎን መጻፉን ይመልከቱ።

ዳቦ ሲወደድና ወተት ሲጠፋ ገበያውን እንወቅሳለን። ገበያው ብዙ በደል ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን በጭላሎ ግርጌ ቢጫውን ዱቄት በጊዜ ያላወቀችው፣ እንገሩንም ሳያውቁ ያስደፏት እናት ጉዳት እስከ እኛ ሌማት ይደርሳል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ አገር ቤት ሲደውሉ ‹‹ዝናቡ እንዴት ነው?›› ካሉ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ ‹‹ማሠልጠኛው ተጠርታችሁ ነበር ወይ? ከቤታችሁስ ማን ሄደ?››