መኪናዬ አልታመመችም ነበር

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። በዲፕሎማ የተመረቅኩ ነርስ ነኝ። 34 ዓመት ሳገለግል የምዕራብ ጎጃምን ገጠር በእግርም በበቅሎም ዞሬዋለሁ፤ ሲቀናኝ ደግሞ በጤና ጣቢያው ላንድክሩዘር ጋቢና ተቀምጬ። መሪ ግን ነክቼ አላውቅም ነበር። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ልጆቼ ተጋግዘው አንዲት ያገለገለች አውቶማቲክ ኮሮላ ገዙልኝ። “እማዬ፣ ከእንግዲህ ቡሬ እትዬን ልትጠይቂ ስትሄጂ ሚኒባስ ውስጥ አትጋፊም” አሉኝ።

እኔ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ ታላቅ እህቴ ቡሬ። አንድ ቅዳሜ እሷን ጠይቄ ስመለስ የሰጠችኝን የበርበሬ ከረጢት አጠገቤ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ነበር። ማንኩሳን አለፍ እንዳልኩ ከረጢቱ ወደ ማርሹ ተንሸራተተ፤ በአንድ እጄ ገፋ አድርጌ መለስኩት። ወዲያው ሞተሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። ዳሽቦርዱን ባይ አንዲት ቢጫ መብራት በርታለች፤ “ኦ/ዲ ኦፍ” ይላል ጽሑፏ።

ዳር ይዤ ቆምኩ። ሞተሩን አጥፍቼ ባስነሳውም መብራቷ አልጠፋችም። የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ከድሮው ባለቤት ጋር ቀርቷል። “ኦፍ” የሚለውን አይቼ አንድ ነገር ሥራ አቁሟል አልኩና ልቤ እየመታ፣ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ሳላልፍ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው መብራቷን አየና “ካምቢዮው እየሄደ ነው፤ ወርዶ መታየት አለበት” አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ የስንት ወር ጡረታዬ ነው! መቼ ጀመረ፣ ምን ስታደርጊ በራ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ነድቶም አላያትም። እኛ ታካሚን ከየት ጀመረህ ሳንል መድኃኒት አናዝም። ቢሆንም ፈርቼ ገንዘቡን ማጠራቀም ጀመርኩ፤ መኪናዋም ሁለት ሳምንት ግቢ ውስጥ ቆመች።

ያዳነኝ የድሮው የጤና ጣቢያችን ሹፌር ነው። እሱም እንደኔ ጡረተኛ ነው፤ እኔ ጋሼ ነው የምለው። ቡና ሊጠጣ መጥቶ “ሲስተር፣ ምነው መኪናዋ ቆመች?” አለኝ። ነገርኩት። ገብቶ ሞተሩን አስነሳና ማርሹ ላይ በጎን በኩል ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በአውራ ጣቱ ጫን አደረጋት። መብራቷ ጠፋች።

“አለቀ?” አልኩት።

“አለቀ። ያን ቀን እጅሽ ነክቷት ነው።”

ከደስታዬ ንዴቴ በለጠ። እስኪገባኝ አልለቅዎትም ብዬ አስቀመጥኩት።

“ላንድክሩዘሯን ትዝ ይልሻል?” አለኝ። “ሜዳ ላይ ስንደርስ አምስተኛ ማርሽ አስገባና ሞተሩ ዝም ሲል እንቅልፍ ይወስድሽ ነበር። እሱ ነው ኦቨርድራይቭ። እኔ በእጄ ነበር የማስገባው፤ ያንቺዋ ራሷ ታስገባለች። ቁልፏ መፍቀጃና መከልከያ ናት።”

የኔ ኮሮላ ወደ ፊት አራት ማርሽ አላት። ሦስተኛው ላይ ሞተሩና ከካምቢዮው የሚወጣው ኃይል እኩል ይዞራሉ ማለት ይቻላል። አራተኛው ኦቨርድራይቭ ነው፤ የሚወጣው 10 ጊዜ ሲዞር ሞተሩ 7 ጊዜ ገደማ ቢዞር ይበቃዋል። ፍጥነቱ ያው ሆኖ ድምፁ ይቀንሳል፣ ቤንዚን ይቆጠባል፣ ሞተሩም አይደክምም።

ይህንን ስሰማ የታየኝ የልብ ምት ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው ተቀምጦ ሳለ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ሲያርሱ የኖሩ ገበሬዎችን ስለካ ግን ብዙ ጊዜ ወደ 60 የቀረበ ነበር የማገኘው። የጠነከረ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ መቸኮል አያስፈልገውም። ያው ገበሬ ዳገት ሲወጣ ግን ልቡ መፍጠን አለበት፤ ዳገት ላይ እንደተቀመጠ ሰው ልምታ ቢል ይወድቃል። መኪናም እንዲሁ ናት። ለሜዳ ኦቨርድራይቭ፣ ለዳገት ዝቅ ያለ ማርሽ።

መብራቷ የምታደናግረው የተገላቢጦሽ ስለሆነች ነው። ስትበራ አራተኛው ማርሽ ተከልክሏል ማለት ነው፤ ስትጠፋ ተፈቅዷል። በሽታ አይደለም። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ግን ያን ጊዜ ካምቢዮው ችግር አለብኝ እያለ ስለሆነ ባለሙያ ይየው።

ጋሼ ሊሄድ ሲነሳ “አባይ በረሃን ስትወርዱስ ምን ታደርጋላችሁ?” አለኝ። ይሄኔ ነው የደነገጥኩት።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የወንድሜ ልጅ እየነዳ በዚችው መኪና ለሠርግ አዲስ አበባ ሄደን ነበር። የአራት ዓመት ሕፃን ጨምሮ አምስት ነበርን። ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ልጁ አንዳንዴ ቤንዚን ልቆጥብ ብሎ በፎሌ ይለቃታል፣ ከዚያ ፍሬን ይይዛል። አጋማሽ ላይ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ፍሬኑ ሲረገጥ ወደ ታች መግባት ጀመረ። እንደምንም ዳር አስይዞ አቆማት፤ ከጎማዎቹ ጭስ ይወጣ ነበር። ወርደን እስኪበርድ ጠበቅን፤ እግዜር ነው ያተረፈን አልን። አሁንም እላለሁ። ነገር ግን የሚረዳን ቁልፍ በልጁ አውራ ጣት ሥር ነበረች፤ ማናችንም አላወቅንም።

ፍሬን የመኪናን ሩጫ ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። ሙቀቱ ሲበዛ ሸራው መያዝ ያቅተዋል፤ የፍሬኑ ዘይትም ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እንዲይዛት ማድረግ ያስፈልጋል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነት መቀነስ፣ ቁልፏን ተጭኖ ቢጫዋን መብራት ማብራት። ለአባይ በረሃ ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ ማርሹን ወደ “2” ማውረድ፣ በጣም ሲከፋ ወደ “ኤል”። ፎሌ በጭራሽ። ከቡሬ ወደ ነቀምት ስትሄዱም ወደ አባይ ወንዝ ስትወርዱ ነገሩ ያው ነው።

ዳገት ላይም ትጠቅማለች። ከቡሬ በጥሊሊ በኩል ወደ ኮሶበር ሰው ሞልቼ ስወጣ መኪናዋ በሦስተኛና በአራተኛ መካከል ስትዋልል ይሰማኛል። ይህ መዋለል የካምቢዮውን ዘይት ያሞቀዋል። ቁልፏን ስጫናት ሦስተኛው ላይ ትረጋለች። ሜዳ ስደርስ መልሼ ኦቨርድራይቩን እፈቅድላታለሁ፤ ከረሳሁ ቤንዚኑ ያስታውሰኛል።

የወንድሜን ልጅ ጠርቼ ግቢ ውስጥ መኪናዋ ላይ አስቀምጬ አስተማርኩት፤ እኔ እየጠየቅኩ እሱ እየመለሰ፣ ልክ ተማሪ ነርሶችን እንደማስጠናው። በሚቀጥለው ጊዜ ቤተሰቡን ይዞ አዲስ አበባ ሲሄድ ደጀን ላይ ቆሞ ደወለልኝ።

“እቴቴ፣ ልንወርድ ነው። ቢጫዋ መብራት በርታለች።”

“እሰይ” አልኩት። “ቀስ ብለህ ውረድ። ድልድዩን ስትሻገር ደውልልኝ።”

ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ደወለ።