ጀልባም እንደ ቤት ይጠረጋል

ባሕር ዳር ሄዳችሁ ጣና ዳር የተናፈሳችሁ አንባቢዎቻችን፣ ባለ ጥላ ጀልባዎች ሰው ጭነው ወደ ዘጌ ሲያቀኑ አይታችሁ «እነዚህስ ታድለዋል!» ሳትሉ አልቀራችሁም። እኔና ባለቤቴም እንዲህ ያለች አንዲት ጀልባ ስላለችን አባባሉ በየጊዜው ይደርሰናል። ባልደረቦቼማ «ያንቺ ኑሮ ሁልጊዜ ሽርሽር ነው» እያሉ ይቀልዱብኛል። አልከራከራቸውም። በግንቦት ወር መጥተው ቢያዩኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ለምን በግንቦት? የጣና ውሃ ክረምቱን ሲሞላ ከርሞ በመስከረምና በጥቅምት ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እየጎደለ ሄዶ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ዳሩ ይገለጣል። ጀልባን ጎትቶ ለማውጣት የሚመቸው ያን ጊዜ ነው። ዝናቡ ከጠና ደግሞ ቀለም አይደርቅም። ስለዚህ የዓመቱ ሥራ ሁሉ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ማለቅ አለበት። የእኛዋ የብረት ጀልባ ናት፤ ርዝመቷ ሰባት ሜትር ያህል ነው። ከሥሯ ድብልብል ግንድ እየደረደርን፣ ጎረቤት ጀልባ ነጂዎች በገመድ እየጎተቱ እናወጣታለን። እነሱም በተራቸው ሲያወጡ ባለቤቴ ይሄድላቸዋል። ደቦ ነው እንግዲህ።

ከሥራው ሁሉ የሚያስጠላው የሆዷ ነገር ነው። ከወለሉ ሳንቃ በታች ያለውን ጎድጓዳ ቦታ ማለቴ ነው። የዝናብ ውሃ፣ ከሞተሩ የሚንጠባጠብ ዘይትና ቤንዚን፣ የዓሣ ቅርፊት፣ የተሳፋሪው የሙዝ ልጣጭ፣ አንዳንዴም የልጅ ካልሲ ሳይቀር ዓመቱን ሙሉ ወርዶ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ሳንቃው ሲነሣ የሚወጣውን ሽታ በጽሑፍ መግለጽ ይቸግራል፤ ዓሣ ተቀቅሎበት ሳይታጠብ የከረመ ድስት ላይ ጋዝ ተደፍቶበት ብታስቡ ሳትቀርቡ አትቀሩም። ባለቤቴ ትከሻው ሰፊ ስለሆነ አያስገባውም። ስለዚህ የምገባው እኔ ነኝ። አፍንጫዬን በሻሽ ሸፍኜ፣ ጣሳና እራፊ ጨርቅ ይዤ በደረቴ እተኛለሁ። እሱ ከላይ ሆኖ ጣሳውን ይቀበለኛል። «አለቀ?» ይላል በየደቂቃው፤ ልክ ወጥ እንደሚጠብቅ ሰው።

ከዚያ የሚወጣው ውሃ የት ይደፋ? በትዳራችን ሁለት ቀን ያኳረፈን ጥያቄ ይህ ነበር። ብዙ ሰው እዚያው ሐይቁ ላይ ይደፋዋል። ባለቤቴም «ጣና ሰፊ ነው፤ በአንድ ባልዲ ዘይት ምን ይሆናል?» አለኝ። ስፋቱስ እውነት ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ዘይት ደግሞ አይሰምጥም፤ ስስ ሆኖ ይንሳፈፍና ነፋስ ወደ ዳር ይገፋዋል። ዳር ላይ ያለው ማን ነው? ልብስ የምታጥብ፣ ጀሪካን የምትሞላ፣ ልጇን የምታጥብ ሴት ናት። ይህንኑ ነግሬው ጣሳውን አስቀምጬ ወደ ቤት ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዞ መጣ፤ ምንም አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ውሃውን አሳድረን፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት ለብቻው እንቀዳለን። የተቃጠለ ዘይት የአጥር እንጨትን ከምስጥ ለመጠበቅ ስለሚፈለግ ወሳጅ አያጣም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። እኔን ግን ከመዝገቡ ይልቅ ያቺ ጀሪካን የምትሞላው ሴት ትቀርበኛለች።

ቀጥሎ ዝገት መፋቅ ይመጣል። የሽቦ ብሩሽ፣ መዶሻ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻም ጸረ ዝገት ቀለም። ጤነኛ ብረት በመዶሻ ሲመታ እንደ ቃጭል ይጮኻል፤ የሳሳው ግን ድምፁ ይታፈናል። ባለፈው ግንቦት ከኋላ በኩል፣ ከሞተሩ ሥር ስመታ ድምፁ ታፈነና የመዶሻው ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ። ባለቤቴ ቀዳዳውን አይቶ ዝም አለ። ለብየዳው የተጠየቅነው ዋጋ ለማቀዝቀዣ ያጠራቀምነውን እንዳለ የሚበላ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ፣ በኋላም በጸጥታው ችግር የተነሣ፣ ከሩቅ የሚመጣው ጎብኚ መመናመኑን ታውቃላችሁ። በዚያው ሳምንት ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ሰው መጥቶ ጀልባዋን በኪሎ ተመነልን። በኪሎ!

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። የነዳጁን፣ የዘይቱን፣ የካንዴላውን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ደመርን፤ ገቢውን ቀነስን። በወረቀቱ ቢሆን መሸጥ ነበረብን። ባለቤቴ ግን ወረቀቱን አጥፎ «ከተሸጠች ቅዳሜ ማታ የት እንሄዳለን?» አለኝ። ይህ የሒሳብ መልስ አይደለም። እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ አልነበረኝም። በማግሥቱ በያጁን ጠራነው። ማቀዝቀዣውን እስከ ዛሬ አልገዛንም፤ ቅቤውን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

እስቲ ስለዚያች ቅዳሜ ማታ ልንገራችሁ። ተሳፋሪው ወርዶ፣ ጀልባዋ ታስራ፣ መቀመጫዎቹ ታጥበው ሲያበቁ ከዳሩ ዋርካ ሥር እንቀመጣለን። ዓሣ የሚጠብሱት እናት ቆሮሶውን በአዋዜ ያመጡልንና «ልጄ፣ ዛሬም ቤንዚን ቤንዚን ትያለሽ» ይሉኛል። ከወዲያ ማዶ እንጨት ጭነው የመጡት ባለ ታንኳዎች ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው ለማድረቅ ያቆማሉ፤ ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ቢጠበቅም ከጥቂት ወራት በኋላ በአዲስ መተካቱ አይቀርም። እነሱን ሳይ የብረቷ ሥራ ይቀለኛል። አንዱ ጎረቤት መፍቻ ሊዋስ ይመጣል፣ ሌላው ያዋሰውን ገመድ ሊጠይቅ። አንዳንዴ ሁለታችን ብቻ ወደ ዓባይ መውጫ ጥቂት ሄደን ሞተሩን እናጠፋለን። ጉማሬዎቹ ከሩቅ ሲያጉረመርሙ እየሰማን እናወራለን። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰዓት ከየት ይገኛል? እዚያ የልጅ የቤት ሥራ አለ፣ ስልክ አለ፣ እንግዳ አለ።

መሥሪያ ቤት በማልገባባቸው ቀናት ከተሳፋሪ ጋር አብሬ እወጣለሁ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ የታየው እምቦጭ በሞተሩ መቅዘፊያ ላይ ሲጠመጠም ቆርጬ የማወጣው እኔ ነኝ፤ ለዚህ የተለየ ቢላዋ አለኝ፣ የሽንኩርቱ አይደለም። ወደ ክብራን ገብርኤል የሄድን እንደሆነ ደግሞ በገዳሙ ሴት ስለማይገባ ወንዶቹ ወርደው እስኪመለሱ ከሴቶቹ ጋር ጀልባዋ ውስጥ እቀራለሁ። ሥርዓት ነውና ቅር አይለኝም። የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹን ማሰሪያ አንድ በአንድ የምፈትሸው በዚያች ሰዓት ነው። «ለፎቶ አያምርም» ብላ ጃኬቱን የምታወልቅ እናት አትጠፋም። ለራሷ ብታወልቅ እንኳ የልጇን አላስወልቅም።

ዘንድሮ ቀለም ላይ ትንሽ ተከራክረናል። እሱ ውስጡንም ሰማያዊ ልቀባ አለ። እኔ ነጭ አልኩ፤ ነጭ ላይ ዝገትም ሆነ የሚንጠባጠብ ዘይት ወዲያው ይታያል፤ የሚያጸዳውም ሰው የሚያጸዳውን ያያል። ውጭዋ ሰማያዊ፣ ሆዷ ነጭ ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ ከዓሣው በፊት ሳንቃውን አንሥቶ በባትሪ ተመለከተ። የተበየደው ቦታ አልፈሰሰም። «ነይ እዪ» አለኝ፣ «ደረቅ ነው!» ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከአንዲት የሙዝ ልጣጭ በቀር ምንም አልነበረም።