ከስቶክሆልም እስከ ሮም፦ አምስት ሰው በአንድ መኪና

ይህን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድነው በሦስት ቀን ነበር። እኔና ባለቤቴ መሪ እየተቀያየርን፣ ሁለቱ ልጆች ከኋላ እየተኙና እየነቁ፣ ከስቶክሆልም ተነሥተን ሮም ገባን። ስንመለስ እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ትንሿን ልጄን «ምን አየሽ የኔ እመቤት?» አለቻት። ልጄ ጥቂት አሰበችና «ነዳጅ ማደያ» ብላ መለሰች። አምስት አገር አቋርጣ የመጣች የስድስት ዓመት ልጅ የቀራት ትዝታ ይኸው ነበር። እኛ ያቀድነው ኪሎ ሜትሩን ብቻ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ባለፈው በጋ እናቴ ራሷ ስቶክሆልም መጣች። ያንኑ 2,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ከእሷ ጋር በዐሥር ቀን ደገምነው። በአውሮፓ የምትኖሩና ቤተሰብ ጭናችሁ ረጅም መንገድ ለመውጣት የምታስቡ ካላችሁ፣ ያየነውንና ያዘጋጀነውን በቅደም ተከተል እነሆ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከካርታው በፊት የዘረጋሁት የቀን መቁጠሪያ ነው። እናቴ የሐዋርያትንም የፍልሰታንም ጾም ትጾማለች። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 12 ነው። ፍልሰታ የሚገባው ደግሞ ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ነው። በሁለቱ መካከል ከረቡዕና ዓርብ በቀር ጾም የሌለበት አራት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ አለ። ይህ ጊዜ በሌላ በኩልም ተመቸን። የጀርመን ክፍለ ግዛቶች ሕዝቡ በአንድ ቀን መንገድ ላይ እንዳይፈስ ትምህርት ቤቶቻቸውን በየተራ ይዘጋሉ። ባየርን ሁልጊዜ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው፤ የሚዘጋው በጁላይ ማብቂያ ወይም በኦገስት መግቢያ ላይ ነው። ስለዚህ በጁላይ አጋማሽ የአልፕስን ተራራ የሚሻገር ሰው የባየርን ቤተሰቦች ሳይነሡ ያልፋል። ኢጣሊያኖች ደግሞ ኦገስት 15ን የሚያከብሩት ከተማውን ጥለው በመውጣት ነው፤ በዚያ ሰሞን አውራ ጎዳናው ይጨናነቃል፣ ሱቁም ይዘጋል። ቤተሰብ ይዞ በዚያ ሳምንት መንገድ መውጣት አይመከርም።

ሐሙስ ቀን ተነሣን። ሐሙስ የሆነበት ምክንያት ረጅሙን የጀርመን መንገድ እሑድ ላይ ለማዋል ነው። ጀርመን አገር ከ7.5 ቶን በላይ የሆኑ የጭነት መኪናዎች እሑድ እስከ ማታ 4 ሰዓት እንዳይንቀሳቀሱ ሕግ ይከለክላል። እናቴ ቅዳሴ ማምለጡን አልወደደችውም። በማለዳ ጸሎቷን አድርሳ ስትወጣ ግን መንገዱ ባዶ ነበር።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክ፣ ጀርመን፣ ኦስትሪያና ኢጣሊያ ሁሉም የሼንገን አገሮች ስለሆኑ እናቴ ከስዊድን ባገኘችው የጉብኝት ቪዛ አምስቱንም ማየት ትችላለች። ለቪዛው የተገዛው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ዋስትናም በሁሉም ያገለግላል፤ ኮፒውን መኪና ውስጥ አስቀምጡ። «ሼንገን ድንበር የለውም» ብላችሁ ግን ፓስፖርት ቤት እንዳትተዉ። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ላይ ቁጥጥር ጀምራለች።

ብዙ ወላጅ የሚስተው የልጆች መቀመጫ ጉዳይ ነው። በስዊድን ሕግ 135 ሴንቲ ሜትር የሞላ ልጅ የልጅ መቀመጫ አያስፈልገውም። የዐሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ 142 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የእሱን መቀመጫ ከሸጥነው ቆይቷል። ጀርመን ግን እስከ 12 ዓመት ወይም እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ትጠይቃለች፣ ኢጣሊያም እስከ 150። አዲስ ገዛንለት። ልጁ ቅር ቢለውም በአገሩ ሕግ ልክ የሆነ ሰው ሁለት ድንበር አልፎ ጥፋተኛ ሊሆን እንደሚችል ተማረበት። ባለ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ፣ አንጸባራቂ ሰደርያና የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥንም ያዙ።

ስንቁ የእናቴ ሥራ ነበር። ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽና በርበሬ ከአዲስ አበባ ይዛ መጥታለች። ማረፊያ ስንይዝ ምድጃ ያለበትን ብቻ መረጥን፤ ማታ ማታ ድርቆሹ ፍርፍር ይሆናል፣ ጠዋት ሻዩ በፔርሙዝ ይሞላል። በመንገድ ዳር ምግብ ቤት ለአምስት ሰው በቀን ሦስት ጊዜ መክፈል የጉዞውን ገንዘብ በግማሽ መንገድ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ መንገዱ። በቀን ከአራት ሰዓት በላይ ላለመንዳት ተስማማን። ከስቶክሆልም ወደ ደቡብ የሚወርደው ኢ4 ደን ከደን የሚተካበት ረጅም መንገድ ነው፤ ቬተርን የተባለው ሐይቅ በቀኝ በኩል ሲገለጥ ነው ዓይን የሚያርፈው። በሐይቁ ዳር ግሬና የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1859 አማሊያ ኤሪክሶን የተባለች ባል የሞተባት ሴት ልጇን ለማሳደግ ቀይና ነጭ የተጠማዘዘ የናና ከረሜላ መሥራት ጀመረች፤ ከተማዋ እስከ ዛሬ በዚያ ከረሜላ ትታወቃለች። ሠራተኞቹ ትኩሱን ስኳር እየጎተቱ ሲያጠማዝዙ ልጆቹ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ቀሩ። እናቴ የሴትዮዋን ታሪክ ስተረጉምላት «እንጀራ ጋግራ ልጅ እንዳሳደገች ሴት ናታ» አለች። እዚያው አካባቢ አደርን።

በሁለተኛው ቀን ማልመ ገባን፣ በሦስተኛው ስዊድንን ከዴንማርክ የሚለየውን የኧሬሱንድ ባሕር ተሻገርን። ይህን መሻገሪያ ልጆች ነቅተው እንዲያዩት ሰዓቱን አስተካክሉ። በ2000 ተከፈተ፣ ርዝመቱ በጠቅላላው 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ድልድይ ነው፣ አራት ያህሉ ሰው በሠራው ደሴት ላይ ያልፋል፣ የቀረው ከባሕር በታች ዋሻ ይሆናል። ድልድዩ እስከ መጨረሻው ያልቀጠለው የኮፐንሃገን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገቡ ስለሆነ ነው፤ ከፍ ያለ ምሰሶ አውሮፕላኖቹን ያሰናክላል። ክፍያው ውድ ነው፤ ሒሳባችሁ ውስጥ አስቀድማችሁ አስገቡት። ዴንማርክን ቶሎ አለፍናት። ከሩድቢ ወደ ጀርመኗ ፑትጋርደን መኪናውን ሳይቀር የሚጭነው መርከብ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ሾፌሩ እግሩን የሚዘረጋበት፣ ልጆች በነፋስ የሚሮጡበት ጥሩ ዕረፍት ነው። በዚያው ቦታ 18 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባሕር ሥር ዋሻ እየተሠራ ስለሆነ ይህ መርከብ ዘላለም ላይኖር ይችላል።

የጀርመን አውራ ጎዳና ለቤት መኪና ክፍያ የለውም። በብዙ ቦታ የፍጥነት ገደብም የለውም፤ የሚመከረው 130 ነው፣ ልጅና እናት የጫነ ሰው ከዚያ የሚያልፍበት ምክንያት የለም። ሁለት ነገር ዕወቁ። እንደ ሙኒክ ያሉ ከተሞች መሐል ለመግባት የውጭ መኪናም አረንጓዴው የጭስ ደረጃ ስቲከር ያስፈልገዋል፤ ከቤት ሳትወጡ አስመጡት። መንገድ ሲጨናነቅ ደግሞ በግራ ጫፍ ያሉት ወደ ግራ፣ ሌሎቹ ወደ ቀኝ ተጠግተው መሐሉን ለአምቡላንስ ክፍት ይተዋሉ። አምቡላንሱ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ መኪናው መቆም እንደ ጀመረ ነው። ይህን ሥርዓት ሳይ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፤ የማያውቁትን ሰው ሕይወት አስቀድሞ ማሰብ ነው።

እሑድ ማታ ጎታ ደረስን። ብዙ ተጓዥ ይህችን የቱሪንገን ከተማ አያውቃትም፤ ለእኛ ግን የጉዞው እምብርት እሷ ነበረች፣ ሁለት ሌሊትም ሰጠናት። ኮረብታው ላይ ፍሪደንሽታይን የተባለ ግዙፍ ቤተ መንግሥት ተቀምጧል። በ1652 ግንባታው ገና ሳያልቅ አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ወደዚህ መጡ፤ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ። የጋበዛቸው የጎታው መስፍን ኧርንስት ነው። ምክንያቱ ደግሞ የኤርፉርት ተወላጅ የሆነው የቋንቋ ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ነው፤ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር በ1649 ሮም ላይ ተገናኝተው ጓደኛሞች ሆነዋል። አባ ጎርጎርዮስ ከሮም ተነሥተው አልፕስን ተሻገሩ፤ ሉዶልፍ ኑረምበርግ ድረስ ሄዶ ተቀበላቸው። በዚህ ቤተ መንግሥት መነኩሴው እየመለሱ፣ ጀርመናዊው እየጻፈ ወራት አሳለፉ፤ ስለ ግእዝ፣ ስለ አማርኛ፣ ስለ አገሩ ልማድ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 አሳተመ። የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው የሱ ነው፤ ከመዝገበ ቃላቱ ጋር በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ወጣ።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ የነገርናቸው ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነው። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ስንወስደው ያማርራል። «ሉዶልፍም እንደኔ ሀ ሁ ቆጠረ?» አለ። እናቴ «ቆጠረ እንጂ! ለዚያውም አገሩን ሳያይ» አለችው። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቤተ መንግሥቱን ያይ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲሞክሩ በ1658 መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። ትንሿ ልጄ ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ አልከለከልናትም።

ከጎታ ወደ ደቡብ ኤ71 ላይ 7,916 ሜትር የሚረዝመው የሬንሽታይግ ዋሻ አለ፤ ጀርመን ውስጥ ከእሱ የሚረዝም የመኪና ዋሻ የለም። ኑረምበርግንና ሙኒክን አልፈን ኦስትሪያ ከመግባታችን በፊት ቪኜት የተባለውን የመንገድ ክፍያ ከፈልን፤ የዐሥር ቀኑ ይበቃል። ከኢንስብሩክ ወደ ብሬነር የሚወጣው መንገድ ግን በቪኜቱ አይሸፈንም፣ ለብቻው ይከፈላል። በ1963 የተከፈተውና ከሸለቆው 190 ሜትር ከፍ የሚለው የአውሮፓ ድልድይ ያለው እዚያ ላይ ነው። ባለቤቴ ትንፋሿን ዋጠች። እናቴ በመስኮት እያየች «ዓባይ በረሃን በአሮጌ አውቶቡስ የወረደ ሰው ይህን አይፈራም» አለች። የብሬነር መተላለፊያ ራሱ 1,370 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከእሱ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ትበልጣለች። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ አያታቸውን በአዲስ ዓይን አዩአት።

ኢጣሊያ ሲገባ ከማሽኑ ቲኬት ይወሰዳል፣ ሲወጣ ይከፈላል። ቴሌፓስ የተባለው የኤሌክትሮኒክ መክፈያ ላላቸው ብቻ የሆነው ቢጫ መስመር ውስጥ አትግቡ። ከዚያ የሚብሰው የከተሞቹ መሐል ነው፤ ካሜራ የሚጠብቃቸው ለነዋሪ ብቻ የተፈቀዱ ሰፈሮች አሉ። በመጀመሪያው ጉዟችን አንዲት ከተማ ውስጥ ሳናውቅ ገብተን፣ ቅጣቱ ከወራት በኋላ ስቶክሆልም ደረሰን። በዚህኛው ጉዞ ፍሎረንስ ላይ መኪናውን ቪላ ኮስታንዛ አቆምነው፤ ከኤ1 በቀጥታ የሚገባበት ማቆሚያ ነው፣ ትራሙ ከዚያው ተነሥቶ መሐል ከተማ ያደርሳል። ለቤተሰብ ከዚህ የተሻለ መላ አላየሁም።

ሮም በዐሥረኛው ቀን ገባን። መኪናውን ዳር አቁመን ቀሪውን በሜትሮና በእግር አደረግነው። አባ ጎርጎርዮስና ሉዶልፍ የተገናኙበት የኢትዮጵያውያን የመነኮሳት ማረፊያ፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳተሙትም በዚያ ሲኖሩ በ1548 እና 1549 ነበር። ቦታው እንደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ዝም ተብሎ አይገባበትም። ልጄና እኔ 551 ደረጃ ወጥተን ከጉልላቱ ላይ የቫቲካንን ግቢ ቁልቁል ተመለከትን፤ እናቴ ታች አደባባዩ ላይ ቆማ ወደዚያው አቅጣጫ ተሳለመች። «ጎታ የሄዱት ከዚህ ተነሥተው ነው?» አለ ልጄ። ርቀቱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቀን ቆጠረው፤ እኛ ከጎታ አምስት ቀን ፈጅቶብናል።

በመጨረሻው ቀን ቺርኮ ማሲሞ ከተባለው የሜትሮ ጣቢያ ወርደን ፖርታ ካፔና አደባባይ ሄድን። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። ትንሿ ልጄ «የታለ?» አለች፤ ሐውልት እናሳይሻለን ብለናት ነበር። እናቴ በወጣትነቷ በፎቶግራፍ ያየችውን ቦታ ዙሪያውን ተመለከተች። በ1937 የፋሺስት ጦር ከአክሱም ያመጣው ባለ 24 ሜትር ሐውልት እዚህ ከስልሳ ዓመት በላይ ቆሞ ነበር። በ2003 በሦስት ተከፍሎ ተነሣ፣ በ2005 በአውሮፕላን ተጫነ፣ በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ። አሁን እዚያ ነው ያለው።