የጠቆረው ማንኪያ

ጽሑፌን በጥያቄ ልጀምር። ከአገር ቤት ሲመጡ በልብስዎ መካከል ጠቅልለው ያመጡት የብር ዕቃ ይኖርዎታል? ካለዎትና ጠቁሮ ከሆነ፣ እጅዎን ወደ በረኪናው ከመስደድዎ በፊት ይህችን ጽሑፍ እስከ መጨረሻዋ ያንብቡልኝ።

እኔ ዋሽንግተን ከተማ ታክሲ ነጂ ነኝ። አገር ቤት ስምንት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ኬሚስትሪ አስተምሬአለሁ። ይህን ለተሳፋሪ አልናገርም፤ እውነቱን ለመናገር ለራሴም መናገሩን ከተውኩ ቆይቻለሁ።

የባለቤቴ እናት ለሠርጋችን የሰጡን ስድስት የብር ማንኪያዎች አሉን። አያቷ ጠገራ ብር አስቀልጠው ያሠሯቸው ናቸው። ጠገራ ከመቶ 83 እጅ ያህሉ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ባለቤቴ ከመሳቢያ ብታወጣቸው ከሰል መስለዋል፤ የታሰሩበት ላስቲክ ያረፈበት ቦታማ ባሰ። እሷም ልብስ የሚያነጣ ብርንም ያነጣል ብላ ሁለቱን በረኪና ውስጥ ነከረቻቸው።

ሌሊት ከሥራ ስገባ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ አገኘኋት። ሁለቱ ከቀድሞው ብሰው ጠቁረዋል። «የእማዬን ዕቃ አበላሸሁት» አለችኝ። ቀጥላም «አንተ አስተማሪ አልነበርክም እንዴ? ለዚህ መላ የለህም?» አለች። በቁጣ አልነበረም፤ ሆኖም ቃሉ ከብዶኝ አደረ።

መላውንስ አውቀው ነበር። ብር የሚጠቁረው ስለቆሸሸ አይደለም። በአየርና በምግብ ውስጥ ያለው ድኝ ከብሩ ጋር ተዋሕዶ ጥቁር ሽፋን ስለሚሠራ ነው። እንቁላልም፣ ሽንኩርትም፣ ላስቲክም ድኝ አላቸው። ዶሮ ወጥ የቀረበበት የብር ማንኪያ ቶሎ መጥቆሩም ለዚሁ ነው። በረኪና ግን ብሩን ራሱን ይበላዋል።

በማለዳ ልጄን ቀስቅሼ አብረን ሠራነው። እርስዎም እንዲህ ያድርጉ፦ ጎድጓዳ የመስታወት ሳህን ውስጡን በአልሙኒየም ፎይል ያልብሱ። ማንኪያዎቹ ፎይሉን እንዲነኩ አድርገው ይደርድሩ። ለአንድ ሊትር የፈላ ውሃ አራት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረው ያፍስሱባቸው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አውጥተው በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁና በደንብ ያድርቁ። ፈርጥ ያለበትን ወይም እጀታው በማጣበቂያ የተያያዘውን ዕቃ ግን አይንከሩ። በረኪናን ደግሞ ከኮምጣጤም ሆነ አሞኒያ ካለበት የመስኮት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ውሃው ሲፈላ «አባዬ፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል!» አለች ልጄ። ድኙ ብሩን ለቆ ሲወጣ ነው አልኳት። «ለምን ይለቃል?» አለች። የመብራት ቢል የመጣበትን ፖስታ ገልብጬ፣ አልሙኒየም ኤሌክትሮን ሲሰጥ፣ ድኙ ወደ ውሃው ሲሄድ፣ ብሩም እዚያው ማንኪያው ላይ ሲቀር ጽፌ አሳየኋት። ስንፈትገው ብሩን ራሱን እናነሣለን፤ በዚህ መንገድ ግን ብሩ ተመልሶ ብር ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ከጻፍኩ 14 ዓመት ሆኖኛል።

አራቱ እንደ አዲስ አበሩ። ሁለቱም ነጡ፤ ነገር ግን በረኪናው የበላቸው ቦታ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። በፋሲካ ስድስቱንም ገበታ ላይ አቀረብናቸው። ባለቤቴ ከተበሉት አንዱን መርጣ ለራሷ ያዘች፤ ሌላውን እኔ ያዝኩ።

ሰኞ ልጄን ከትምህርት ቤት ልወስድ ስሄድ አስተማሪዋ በር ላይ ቆማለች። ልጄም እጄን ይዛ «አባቴ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው» አለቻት። «ነበረ» ብዬ ላርማት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት።